ንጉሡ ይግባ ወይስ ይቅር? የ«ታርቲዩፍ» መጨረሻ ያስነሣው ሙግት

በምንወያይበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና የተከታተሉትን መልሶች፣ የከፈተው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሥራ በኋላ እየተሰበሰበ ተውኔት የሚለማመድ የአማተሮች ቡድን አስተባባሪ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ጸሐፌ ተውኔት የሞሊየርን «ታርቲዩፍ» በአማርኛ ሊያቀርቡ ተነሥተዋል። አራቱን ገቢር ሁሉም ወዶታል፤ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ተውኔቱን ላላየ ሰውም ታሪኩን ዘርዝሮልናል። ኦርጎን የተባለ የፓሪስ ባለጸጋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአጠገቡ ተንበርክኮ መሬት የሚስም ምስኪን መሳይ ሰው ያይና ልቡ ተነክቶ ቤቱ ያስገባዋል። እንግዳው ውሎ ሲያድር የቤቱ አዛዥ ይሆናል። ኦርጎን ለሌላ የታጨች ሴት ልጁን ሊድርለት ይነሣል፣ ወንድ ልጁን ያባርርለታል፣ ሀብቱን በስጦታ ውል ያዞርለታል። በመጨረሻ ሚስቱ ኤልሚር ባሏን ጠረጴዛ ሥር ሸሽጋ የጻድቁን ሰውዬ ገመና በጆሮው ታሰማዋለች። ነገር ግን ውሉ ተፈርሟል፤ ታርቲዩፍም ቤቱ የእኔ ነው፣ ውጡልኝ ይላል። ቤተሰቡ ሊበተን ሲል የንጉሡ መኮንን ይመጣና ኦርጎንን ይይዛል ሲባል ታርቲዩፍን ይይዘዋል።

አስተባባሪው ይህን መጨረሻ ቆርጠን እንጣለው ባይ ነው። ሞሊየር ለንጉሡ ለሉዊ 14ኛ ያቀረበው እጅ መንሻ ነው፣ ለዛሬ ተመልካች ምኑም አይደለም፣ ታርቲዩፍ ቤቱን ወርሶ መጋረጃው ቢወርድ ይሻላል ብሎ ሐሳብ ጠየቀ። 29 መልስ መጣለት፤ አንዱ የእኔ ነው። ክሩ አሁን በጣም ስለረዘመ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ለሚታክተው ሰው በየተራው እተርካለሁ። ስድቡን ግን እዘለዋለሁ።

መልስ 1። እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ጀምሮ በሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ተስማማ። ፈረንሳዊው ተዋናይ ዠራር ዴፓርዲዩ በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ራሱ ያዘጋጀውንና ራሱ ታርቲዩፍ ሆኖ የተጫወተበትን ፊልም አይቷል። ዣክ ላሳል ስትራስቡርግ ላይ ያቀረበውን የመድረክ ሥራ ወደ ካሜራ ያመጣ ፊልም ነው። እስከ መኮንኑ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል ተመልክቶ፣ መኮንኑ ረጅሙን ንግግር ሲጀምር ስልኩን መነካካት እንደጀመረ ነገረን። ሞሊየር ታርቲዩፍን የጻፈው ለራሱ እንዲጫወተው ስለሆነ መጨረሻው ከታርቲዩፍ እጅ መውጣት የለበትም ብሎ ደመደመ።

መልስ 2። ጡረታ የወጡ የፈረንሳይኛ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በትሕትና፣ ግን ምንም ሳያስተርፉ፣ ታሪኩን ከሥሩ አመጡት። ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 12 ቀን 1664 ቬርሳይ ውስጥ፣ ንጉሡ ባዘጋጀው ታላቅ ድግስ ላይ ነው። ወዲያው ለሕዝብ እንዳይታይ ታገደ። አንድ የፓሪስ ደብር ቄስ ሞሊየርን ሥጋ የለበሰ ሰይጣን ብለው በእሳት እንዲቃጠል የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተሙ። በ1667 ሞሊየር ርእሱን ለውጦ፣ ዋናውን ሰውዬ ፓኑልፍ ብሎ፣ ጎራዴና ዳንቴል አልብሶ እንደገና አቀረበው። ኦገስት 5 ታየ፤ በማግስቱ የፓሪስ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ላሟኞን ዘጉት፤ በሳምንቱ ሊቀ ጳጳሱ ያየውም ያነበበውም ይወገዛል አሉ። ንጉሡ ያን ጊዜ ፍላንደርስ ጦር ሜዳ ላይ ነበር። ሞሊየር ሁለት ተዋንያኑን አቤቱታ አስይዞ እስከ ሊል ከተማ ከበባ ድረስ ላካቸው። ፈቃዱ የተገኘው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1669 ነው፤ በዚያው ቀን ታየና ሕዝቡ ጎረፈ። የጋሼ መደምደሚያ፣ ያ መኮንን እጅ መንሻ ሳይሆን የፈቃድ ወረቀቱ ነው፤ ከሥራው ጋር የተሰፋ ስለሆነ ቢነቅሉት ጨርቁ ይቀደዳል የሚል ነው።

መልስ 3። አጭር እርማት ለመልስ 1። ሞሊየር የተጫወተው ኦርጎንን እንጂ ታርቲዩፍን አይደለም፤ ታርቲዩፍን የተጫወተው ዱ ክሯዚ ነው። የኦርጎን እናት ማዳም ፐርኔልን ደግሞ ወንድ ነው የተጫወታት፣ ሉዊ ቤዣር። ጸሐፊዋ ከዚህ ተነሥታ ጥሩ ነገር አለች፦ ደራሲው ለራሱ የያዘው የሚያታልለውን ሳይሆን የሚታለለውን ነው፤ ቡድናችሁ ጎበዙን ተዋናይ ለታርቲዩፍ ሰጥቶ ከሆነ ከአሁኑ አስቡበት። ይህን ነጥብ ከእሷ በኋላ ማንም አላነሣውም፤ እኔ ግን በክሩ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁሉ ለመድረክ የሚጠቅመው እሱ ነው ባይ ነኝ። ታርቲዩፍ ብቅ የሚለው ገና ሦስተኛው ገቢር ላይ ነው። ሁለት ገቢር ሙሉ ተመልካቹን የሚይዘው ኦርጎን ነው። ከመንገድ ሲመለስ የቤት ሠራተኛዋ ዶሪን ሚስቱ ትኩሳት ይዟት እንደነበር ትነግረዋለች፤ እሱ ደግሞ ታርቲዩፍስ እንዴት ነው ይላል። ሰውየው ግን በልቶ ጠግቦ ጉንጩ ቀልቷል። ያም ሆኖ ኦርጎን ምስኪኑን እያለ ያዝናል። ያንን ትዕይንት ደካማ ተዋናይ ከያዘው ታርቲዩፍ ከመምጣቱ በፊት አዳራሹ ያንቀላፋል።

መልስ 4 ምስጋናና አንድ ጥያቄ ነበር፦ በአማርኛ ከዚህ በፊት ተሠርቶ ያውቃል ወይ?

መልስ 5 መለሰለት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን ብቻ ሳይሆን ሞሊየርንም ወደ አማርኛ አምጥቷል፤ «የፌዝ ዶክተር» እና ከ«ታርቲዩፍ» የተወረሰው «አወናባጅ ደብተራ» የእሱ ናቸው። ቡድኑ ከዜሮ ከመተርጎም ይልቅ ያንን የውርስ ትርጉም ፈልጎ ከዚያ ቢነሣ ጊዜም ይተርፈዋል፣ ቋንቋም ይማርበታል ብሎ መከረ።

ከመልስ 6 እስከ 8 ያለው ክፍል የክሩ ቁስል ነው። መልስ 6 ርእሱን ሲያይ ደሙ ፈላ። ደብተራ ማለት ዜማና ቅኔ የተማረ፣ ማሕሌት የሚቆም ሊቅ እንጂ የሰው ቤት የሚያፈርስ አጭበርባሪ አይደለም፤ የፈረንሳይን ቆሻሻ በቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ላይ መድፋት ምን ይባላል ብሎ ጠየቀ። መልስ 7 በረጋ መንፈስ ጀመረ። ታርቲዩፍ ራሱ ቄስ አይደለም፤ የነፍስ መሪ ነኝ ብሎ ሰው ቤት የተጠጋ ምእመን ነው። ክህነት የሌለው፣ ግን በሃይማኖት ዕውቀቱ የሚፈራና የሚከበር ሰው በእኛ ባህል ይፈለግ ቢባል ከደብተራ የተሻለ ከየት ይመጣል? ሕዝቡ ራሱ ስለ ድግምትና ክታብ የሚያወራውን እያወቅን ጸጋዬ ፈጠረው ማለት ግፍ ነው። እዚህ ድረስ መልካም ነበር። መጨረሻው ላይ ግን መልስ 6 ተውኔቱን ያላነበበ ሰው ነው የሚል ጨመረበት፤ መልስ 8 ሆኖ የመጣው ያው ቁጡ ሰው ያንተን አባት ጠይቅ እስከ ማለት ደረሰ። የውይይት መድረኩ ተቆጣጣሪ ግማሹን አጥፍቶታል። እኔ በነገሩ ከመልስ 7 ጋር ነኝ፤ በአነጋገሩ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

መልስ 9። አንዲት እህት ከፓሪስ የጻፈችው ክሩን መለሰችው። በ1995 ቬንሴን ጫካ ውስጥ ባለው ካርቱሽሪ በተባለ የቴያትር ስፍራ የፈረንሳዊቷን አዘጋጅ የአሪያን ምኑሽኪንን ዝግጅት አይታለች። ቤቱ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያለ የታጠረ ግቢ ነው፤ ታርቲዩፍ ጥቁር ጢም ያለው አክራሪ ሰባኪ ሆኖ ከተከታዮቹ ጋር ይገባል። በዚያን ጊዜ አልጄሪያ ውስጥ ደም ይፈስ ስለነበር አዳራሹ ውስጥ ሳቁ ቶሎ ቶሎ እየተቋረጠ ፍርሃት ይተካው ነበር ትላለች። የሞሊየር ግጥም ባለበት ነው የተባለው፤ የተለወጠው ልብሱና ግቢው ነው።

መልስ 10። ከበርሚንግሃም። የሮያል ሼክስፒር ኩባንያ በ2018 ስትራትፎርድ ላይ ያቀረበውን ነው የተረከልን። አኒል ጉፕታና ሪቻርድ ፒንቶ ታሪኩን የፓኪስታን ዝርያ ወዳለው የበርሚንግሃም ሙስሊም ቤተሰብ አምጥተውታል፤ ዶሪን ደግሞ ቦስኒያዊት ጽዳት ሠራተኛ ሆናለች። ጸሐፊው ራሱ በጽዳት ሥራ ብዙ ዓመት ስላሳለፈ ሳቁን የጀመረው ከእሷ ነው፤ ቤቱን የሚያጸዳ ሰው የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ያውቃል፣ ይህን ሞሊየርም ያውቅ ነበር አለ። የምወደው ዓይነት መልስ ነው፤ ከራስ ኑሮ ተነሥቶ ተውኔቱ ላይ ያርፋል።

መልስ 11 ግን ሁለቱንም ወረደባቸው። አውሮፓውያን ታርቲዩፍን ዘወትር የጎረቤታቸውን ሃይማኖት ማልበስ ይቀላቸዋል፤ ሞሊየር የደበደበው ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን፣ የገዛ ከተማውን ሰዎች ነበር፤ እነዚህ ግን ከሩቅ ይወረውራሉ አለ። ከባድ ክስ ነው፤ ለምኑሽኪን ሥራ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ባልልም ከንቱ አይደለም። መልስ 10ን የጻፈው ሰው በመልስ 13 ተመልሶ የ2018ቱ አዘጋጅ ኢቅባል ካን ራሱ የበርሚንግሃም ልጅ፣ ከፓኪስታናውያን ወላጆች የተወለደ መሆኑን ነገረው። ድንጋዩ የተወረወረው ከውስጥ ነው እንጂ ከውጭ አይደለም አለ። መልስ 11 ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

መልስ 12 የእኔ ነው። ያልኩት ይህን ነው። አምስተኛውን ገቢር የሚቆርጡት ሰዎች ከመኮንኑ በፊት የሚመጣውን ሰው ረስተውታል። ሙሴ ሎያል የሚባል የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ ነው፤ ድምፁ ማር፣ ንግግሩ ሁሉ ጨዋነት። ለኦርጎን የአባቱ አገልጋይ እንደነበረ እያስታወሰ፣ እያጎነበሰ፣ ነገ ጠዋት ዕቃችሁን አውጡ ይላል። ሕጉ ከታርቲዩፍ ጋር ነው። ውሉ ትክክለኛ ነው፤ ማንም አስገድዶ አላስፈረመም። የኮበለለ ወዳጁ የሰጠውን የምሥጢር ወረቀት ሣጥንም ኦርጎን በገዛ እጁ ለታርቲዩፍ አስረክቧል። እንግዲህ ቤተሰቡን የሚያድነው ፍትሕ አይደለም፤ ሕግን በአንድ ቃል የሚሽር ኃይል ነው። መኮንኑም ያንኑ ይናገራል፦ ልዑሉ፣ ማለትም ንጉሡ፣ የሰው ልብ ያያል፤ ታርቲዩፍ ሊከስ ሲመጣ በሌላ ስም የሚታወቅ ወንጀለኛ መሆኑን ወዲያው ለየው፤ ውሉን ሰረዘው፤ የሣጥኑንም ጥፋት ለኦርጎን ይቅር አለው። ይህን ሰምቶ የሚደሰት ሰው ይደሰት። እኔ ግን ሁሉን የሚያይ ዓይን ዛሬ ለእኔ ሲፈርድልኝ ነገስ የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል። ታርቲዩፍ አሸንፎ መጋረጃ ቢወርድ ተመልካቹ ክፉ ሰው አሸነፈ ብሎ አዝኖ ይሄዳል፤ ያ ቀላል ነው። መኮንኑ ሲገባ ግን ተመልካቹ ያጨበጭብና እጁ መሃል ላይ ይቆማል። ስለዚህ አትቁረጡት፤ አታሳጥሩትም። ደግሞም ለቤተ መንግሥት ጆሮ ሲባል የተጻፈ ነገር ምን እንደሚመስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ ተመልካች የት ይገኛል አልኩ።

መልስ 14 ከፊልም ወገን መጣ፤ ከጋሼ መልስ ቀጥሎ የክሩ ምርጥ ይህ ይመስለኛል። ጀርመናዊው የፊልም አዘጋጅ ሙርናው በ1925 የሠራውን ድምፅ አልባ ፊልም ነው ያቀረበው። ኤሚል ያኒንግስ ታርቲዩፍ ነው። ልጆቹ የሉም፣ ሙሴ ሎያል የለም፣ ንጉሡም የለም፤ አራት ሰው ብቻ ቀርቷል። በምትኩ ሙርናው ታሪኩን በሌላ ታሪክ ሸፍኖታል። በዘመኑ ጀርመን አንድ ሽማግሌ አለ፤ የቤት ጠባቂው ሴትዮ በመርዝ ቀስ በቀስ እየገደለችው፣ ውርሱንም ወደ ራሷ እያዞረች ነው። የልጅ ልጁ ተዋናይ ስለሆነ ሽማግሌው አባሮታል። ልጁ ተዘዋዋሪ ሲኒማ አሳይ መስሎ ይመጣና እዚያው ቤት ውስጥ የታርቲዩፍን ፊልም ያሳያቸዋል። የጠረጴዛው ትዕይንትም ተለውጧል፤ ኦርጎን መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ሳለ ታርቲዩፍ የኦርጎንን ምስል በማንቆርቆሪያው ላይ ያይና ወደ ጽድቁ ይመለሳል። ጸሐፊው እንዳለው በዚህ ፊልም የመኮንኑን ሥራ የያዘው ሲኒማው ራሱ ነው፤ እውነቱን የሚገልጠው የንጉሥ ዓይን መሆኑ ቀርቶ የፕሮጀክተር ብርሃን ሆኗል። ከእኔ መልስ ጋር እንደማይስማማ በጨዋ ደንብ ነገረኝ፤ ንጉሡን አውጥቶ ሌላ ነገር የተካ ሰው እንዳለ ማየቴ ግን ደስ አሰኝቶኛል።

መልስ 15 አንድ መስመር ነው፦ ናፖሊዮንም በስደት ላይ ሳለ ይህ ተውኔት በእኔ ዘመን ቢጻፍ ኖሮ እንዲታይ አልፈቅድም ነበር ብሏል።

ከ16 እስከ 18 ወሬው ተበተነ። አንዱ የሙርናው ፊልም ድምፅ ስለሌለው በአማርኛ ተርጉመን ድምፅ ብንለጥፍበትስ አለ፤ ከዚያ ስለ ቃና ቴሌቪዥን፣ ስለ ቱርክ ተከታታይ ድራማ፣ ስለ አንዲት ተዋናይት ድምፅ ብዙ ተባለ። በሦስቱ መልስ ውስጥ ሞሊየር የሚለው ስም አንድ ጊዜም አልተጠራም። ተቆጣጣሪውም ዝም አላቸው፤ ከደብተራው ጠብ በኋላ ሰው ቢስቅ ይሻላል ብሎ ይመስለኛል።

መልስ 19። ከብራስልስ። በ2022፣ ሞሊየር የተጠመቀበት 400ኛ ዓመት በዋለበት ጃንዋሪ 15፣ ኢቮ ቫን ሆቭ ለፓሪሱ ቴያትር ለኮሜዲ ፍራንሴዝ ያዘጋጀውን በሲኒማ ቤት በቀጥታ ሥርጭት አይቷል። የቀረበው የምናውቀው ባለ አምስት ገቢር አልነበረም። ዦርዥ ፎሬስቲዬ የተባሉ ምሁር በ1664 ታግዶ የቀረውን ባለ ሦስት ገቢር መልሰው ያቋቋሙት ነው። በዚያ ውስጥ የልጅቷ ጋብቻ የለም፤ የንጉሡም መኮንን የለም። ኤልሚርም ወጥመድ የምትዘረጋ ሚስት ብቻ አይደለችም፤ ልቧ በእርግጥ ወደ ታርቲዩፍ ያዘነብላል። እንግዲህ አስተባባሪው ትክክል ነው፣ የሞሊየር የመጀመሪያ ሐሳብ ያለ ንጉሥ ነበር ብሎ ፈረደ።

መልስ 20 ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ስላልተገኘ ይህ የምሁር ግምት ነው፤ በ1664 የታዩት ሦስት ገቢሮች ሙሉ ሥራ ነበሩ ወይስ ያላለቀ ሥራ የሚለው ራሱ ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ጥሩ ግምት መሆኑን እቀበላለሁ፣ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብን ግን አልቀበልም አሉ። መልስ 21 ጋሼን እንደ ድሮ መምህር ተማሪ አታሸማቅቁ አላቸው። ለአንድ ታላቅ ሰው እንዲህ መጻፍ አይገባም ነበር፤ ያውም አሳፋሪው ነገር ጋሼ ማንንም አለማሸማቀቃቸው ነው። ብዙ ሰው ተቆጣለት፤ መልስ 21 ግን ይቅርታ አልጠየቀም።

ከ22 እስከ 24 ስለ ጠረጴዛው ነው፤ እዚህ ጋ ሳቅሁ። መልስ 22 ተማሪ ሳለች ኤልሚርን ተጫውታለች። በጽሑፉ ኤልሚር ባሏ እንዲወጣ ደጋግማ ትስላለች፣ ባል ግን አይወጣም። የእሷ ኦርጎን እውነትም እንቅልፍ ወስዶት ነበርና ሳሏን ወደ እግር ምት ለወጠችው፤ አዳራሹም የተውኔቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። መልስ 23 የጠረጴዛ ልብሱ መሬት ካልነካ የተዋናዩ ጫማ ይታያል፣ መሬት ከነካ ደግሞ ከውስጥ አየር ያጥራል ብሎ ከጎን በኩል ስፌቱ እንዲተረተር መከረ። መልስ 24 ጥያቄውን ከፍ አደረገችው። ኦርጎን ለምን ይቆያል? አላመነም? ፈራ? ወይስ ሚስቱ ከመነካቷ ይልቅ ታርቲዩፍ ስለ እሱ ምን እንደሚል መስማት ፈልጎ ነው? በእርግጥም ዘሎ የሚወጣው ታርቲዩፍ እሱን እንደ ሞኝ ሲያቃልለው ነው። በካሜራ አዘጋጁ ፊቱን አቅርቦ ቢያሳየን መልሱን ይነግረናል፤ በመድረክ ግን ጨርቅ ብቻ ነው የምናየው፣ ስለዚህም እያንዳንዱ ተመልካች የየራሱን ኦርጎን ጠረጴዛ ሥር ያስቀምጣል። ፊልሞቹ ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ከመድረኩ የሚያንሱት ለዚህ ነው አለች። ሙርናውን ጨምሮ ማለቷ ይከብደኛል፤ በቀረው ግን ክርክር የለኝም።

መልስ 25 አዳራሹን ከየት ነው የምትከራዩት ብሎ ጠየቀ። ከቤተ ክርስቲያን ከሆነ ርእሱን ውሉ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ በኋላ ትኬት ተሸጦ ካለቀ ወዲህ እንዳትባረሩ። መልስ 26 ዝም ብላችሁ የፈረንሳይ ኮሜዲ በሉት አለ። ይህን ምክር ታርቲዩፍ ራሱ ቢሰማው ይወደው ነበር።

መልስ 27 አስተባባሪው ተመለሰ። ሁሉንም አመስግኖ፣ መልስ 6ንም ጭምር፣ ቡድኑ የወሰነውን ነገረን። መኮንኑ ይገባል። ግን ሙሴ ሎያልንና መኮንኑን አንድ ተዋናይ ይጫወታቸዋል፤ ልብስ ይቀይራል እንጂ ድምፁንም ፈገግታውንም አይቀይርም። ቤት የሚነጥቀውና ቤት የሚመልሰው አንድ ፊት ይኖረዋል ማለት ነው። ንግግሩ ቢረዝምም አንድ መስመር አይቆረጥም። ኦርጎንንም ለሌላ፣ ለበለጠ ተዋናይ ሰጥተውታል።

መልስ 28 ወዲያው ተቃወመ። ተመልካቹ አፈጻጸሙ ሠራተኛ መኮንን መስሎ መጣ፣ ይህም ሌላ ማጭበርበር ነው ብሎ ቢያስብስ? በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ልብስ ለመቀየር ይበቃል ወይ? መልስ 3ን የጻፈችው እህት በመልስ 29 ለመጀመሪያው ሥጋት እንዲያውም ደስ ይለኛል፣ ይጠርጥሩ አለች፤ ለሁለተኛው ካባ ብቻ ደርቡለት ብላ መለሰች። ቀጥላም ዶሪንን የሚጫወት ሰው ገና ካልተገኘ ልምምዱ በየትኛው ቀን እንደሆነ እንዲነግሯት ጠየቀች፤ ቅዳሜ ሥራ አላት።